ፎንዳንቱ ሆዱ እየተነፋ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ውስጥ በትዕዛዝ ኬክ እሠራለሁ። ክሬም ብቻ ሲሆን እጄ አይታማም። ፎንዳንት (እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬኩ ላይ የሚለበሰው የስኳር ልባስ) ሲሆን ግን ጉድ ይፈላል።

ለቅዳሜ የሚደርስ ባለሁለት ደረጃ የልደት ኬክ አለብኝ። ለሙከራ አንዱን ሠራሁት። ንብርብሩን በክሬም አያያዝኩ፣ ዙሪያውን ቀባሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ 30 ደቂቃ አቆየሁና 4 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍር ፎንዳንት አለበስኩት። እንዴት እንዳማረ! ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። ጠዋት ስነሳ ግን መሃሉ ዙሪያውን እንደ ጎማ አብጧል። አንድ ጎኑ ላይ ደግሞ የእንቁላል አስኳል የሚያክል አረፋ ወጥቷል። በመርፌ ወጋሁት፤ ፍስስ አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ተነፋ።

እኔ እንደገባኝ፣ ኬኩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ሲቀመጥ በመሃል ያለውን ክሬምና አየር ወደ ውጭ ይገፋዋል። ታዲያ ፎንዳንቱን ከማልበሴ በፊት ላሳድረው? ከላዩ ቀለል ያለ ክብደት ልጫንበት? ወይስ ዳር ዳሩን ጠጠር ባለ ክሬም ልገድበው?

ሌላው ፍሪጁ ነው። ኬኩ ሲወጣ ላብ ያጠምቀዋል። ውጭ እንዳልተወው ደግሞ ክሬሙ የቅቤ ነው፣ ይለሰልሳል። ካርቶን ውስጥ ዘግቶ ማስገባት ይረዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የሞከረ አለ?

የላይኛውን ለመደገፍ ስትሮው እተክላለሁ፤ እሱ ብዙም አያሳስበኝም። ያስጨነቀኝ ሆዱ ነው። ደግሞ «ክሬም ብቻ አድርጊው» እንዳትሉኝ። ደንበኛዋ ፎንዳንት ነው ያለችው፤ ቀብድም ተቀብያለሁ።