ለድንገተኛ መውጫ የሚሆን መጠባበቂያ አየር፦ ባለ 2 ሊትር ወይስ ባለ 3?

ከፒያሳ ነው የምጽፈው። ለጅቡቲ ባሕር፣ ለ30 ሜትር ጥልቀት፣ መጠባበቂያ ሲሊንደር መምረጥ አቅቶኛልና ጠላቂዎች እባካችሁ እርዱኝ።

ሒሳቡ ይኸው። በድንጋጤ በደቂቃ 30 ሊትር ቢተነፈስ፣ 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 እጥፍ ስለሆነ 120 ሊትር ይሄዳል። ለመረጋጋት 1 ደቂቃ፣ ከዚያ በደቂቃ 9 ሜትር ወደ ላይ፣ 5 ሜትር ላይ የ3 ደቂቃ የደኅንነት ቆይታ፤ ሲደመር 500 ሊትር ገደማ ነው። ባለ ግማሽ ሊትሯ በ200 ባር የምትይዘው 100 ሊትር ስለሆነ እዚያ ታች አንድ ደቂቃ እንኳ አታቆይም፤ ትቻታለሁ። ባለ 2 ሊትሩ 400 ይይዛል፤ የሚያደርሰው ቆይታው ከተዘለለ ነው። ባለ 3ቱ 600 ይዞ ይተርፋል፣ ግን ለቦሌ ሻንጣ ይከብዳል (ያውም ባዶውን፣ ቫልቩ ተፈትቶ)።

ክብደቱን ችዬ 3ቱን ልውሰድ? በግራ ጎን ይንጠልጠል ወይስ ከዋናው ሲሊንደር ጋር ይታሰር? ጎን ላይ ሲሆን ቫልቩ በእጅ ይደረሳል፤ ጀርባ ላይ ግን አስቸጋሪ ነው። ቫልቩስ? ክፍት ከተተወ ሬጉሌተሩ (አየር የሚተነፈስበት መሣሪያ) ሳይታወቅ አየር ሊያፈስ ይችላል፤ ከተዘጋ ደግሞ በጭንቅ ሰዓት መክፈት ሊረሳ ነው። እናንተ የቱን ትመርጣላችሁ፣ ለምን?