ሸክላ ማጫወቻው እየተጎተተ ነው! ዛሬ ማታ ነው የምንፈልገው

የሰፈር ልጅ (ጠያቂ)
ወገን፣ ቶሎ በሉልኝ። ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ምናለሽ ተራ ወርደን ነበር። አራት ነን። አንዱ ከአሜሪካ ከ19 ዓመት በኋላ ነው የመጣው፣ ነገ ይበራል። መርካቶን ሳላይ አልሄድም ብሎ ጎትቶን፣ ከጎማ ጫማና ከበርሜል ምድጃ መሃል አንድ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ አየና ተንበረከከ። አዋጥተን በ6,500 ብር ገዛን። ሰውየው ትራንስፎርመር ጨመረልን፣ አብርቶም አሳየን። ሸክላ ስላልነበረ ድምፁን አልሰማንም። አሁን ቤት ገብተን የአባቴን ሸክላዎች አወጣን። ይዞራል፣ ይዘፍናል፣ ግን ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ይጎተታል። ትራንስፎርመሩ ጉልበት አንሶት ነው። በዚህ ሰዓት ትልቅ ትራንስፎርመር የት ይገኛል?

ጋሽ ሸክላ
ልጄ፣ ሸክላ በጠርዙ ነው የሚያዘው፣ ፊቱ በጣት አይነካም። መርፌው ካረጀ ደግሞ የአባትህን ሸክላ ያርስልሃል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የሚባለውን ሸክላ አሳታሚ ሲጀምር ያወጣቸው በብዛት ትንንሾቹ ነበሩ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት። ትልልቆቹ 33 ናቸው። ያኔ እኛ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ቆመን ነበር በነፃ የምንሰማው። የዛሬ ልጅ ይሄን አያውቅም።

ፈጣን መልስ
ሸክላውን የሚያዞረው ላስቲክ ረግቦ ነው። ላስቲኩን ቀይረው።

እውነቱን ልናገር
ሳይሞክሩ ገዝቶ ድረሱልኝ! ቆራሌው ከጎረቤትህ ቤት በፕላስቲክ ጀሪካን የለወጠውን ነው በ6,500 የሸጡልህ። ዲያስፖራ አስከትለህ ዋጋ ልትከራከር?

የሰፈር ልጅ
ዲያስፖራው ዋጋ ስንነጋገር መኪና ውስጥ ነበር የተደበቀው፣ ተረጋጋ። ጋሼ፣ ትንንሾቹን ነው የምናጫውተው፣ መቀየሪያውም 45 ላይ ነው። ላስቲክ የለውም፣ ከሥር ሞተሩ የሚነካው ክብ የጎማ ነገር ነው ያለው። ጀርባው ላይ 117 ቮልት፣ 60 ሳይክል ይላል።

ሳቂታው
60 ሳይክል? ብስክሌት ነው እንዴ የገዛችሁት?

ሽቦ በጣሽ
ሳቂታው ሳያውቅ ነካው። ችግሩ እዚያው ነው፣ ትራንስፎርመሩን ተወው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ነው የሚያወርደው፣ ሳይክሉን አይነካም። ሳይክል ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፤ የአሜሪካ መብራት 60 ነው፣ የእኛ 50። የዚህ ዓይነት ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከሳይክሉ ነው። የቤት ያህል ትራንስፎርመር ብትገዛም ያው ይጎተታል።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ሸክላው ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፍና አንድ ደቂቃ ቁጠር። 37 ወይም 38 ከዞረ የነገርኩህ ነው። 28 ገደማ ከሆነ መቀየሪያው ከ33 አልተቀየረም። አንዴ ፈጠን አንዴ ቀስ ካለ ጎማው ደርቋል።

ለዛሬ ማታ፦ ከሶኬት ንቀል። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን አንሳ። ሞተሩ ጫፍ ላይ ደረጃ ደረጃ ያላት ትንሽ ብረት አለች። የ45ቷ ደረጃ ላይ የኤሌክትሪክ ናስትሮ እኩል አድርገህ ጠምጥም። ውፍረቷ 5 ሚሊ ከነበረ 6 እንዲሆን ነው የምትፈልገው፣ አራት ዙር ገደማ። ከዚያ እንደገና ቁጠር። ሞተሩ እዚህ አገር መብራት ላይ ይግላል፣ እስኪነጋ አታስኪዱት። በኋላ ቶርኖ ቤት ወፍራም አስቀርጽላት።

ፈጣን መልስ
እኔ አሁንም ላስቲኩን እላለሁ።

ሽቦ በጣሽ
የለውም አለህ እኮ ወንድሜ!

እውነቱን ልናገር
ስልክ ላይ ሁሉም ዘፈን አለ። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?

የሰፈር ልጅ
37 ተኩል! ሦስታችንም ቆጠርን። አሜሪካዊው ናስትሮ ፍለጋ ሱቅ ወጥቷል። እመለሳለሁ።

ሳቂታው (በማግስቱ)
እሺ፣ ዘፋኙ ከጉንፋኑ ዳነ?

ሽቦ በጣሽ (ከሦስት ቀን በኋላ)
የሰፈር ልጅ፣ ስንት ዙር ፈጀ? ሌላ ሰው ጠይቆኝ ነው።

ጋሽ ሸክላ (ከሳምንት በኋላ)
የአባትህ ሸክላዎች የማን የማን ናቸው? የምትሸጠው ካለ በውስጥ ጻፍልኝ።