የ6 ዓመት ልጄ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም አለበት ተባለ፤ ምግቡንና ውሃውን እንዴት እንያዘው?

ጥያቄ፦ እናት ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ወንድ ልጄ ገና ጨቅላ ሳለ ሽንቱ እየተንጠባጠበ ስላስቸገረው ተመርምሮ፣ በሽንት መውጫ ቧንቧው ውስጥ መንገዱን የሚዘጋ ስስ ሽፋን አለ፤ ቫልቭ ይባላል ተብለን፣ አዲስ አበባ ወስደነው በቀዶ ሕክምና ተወግዶለታል። ከዚያ በኋላ ሽንቱ በደንብ ይወርዳል። አሁን ግን ከእኩዮቹ በቁመት በጣም ስላነሰና ቶሎ ቶሎ ስለሚደክመው ስናስመረምረው፣ ክሬቲኒኑ 1.2 ሆኖ ተገኘ፤ ቁመቱ 105 ሴንቲሜትር ነው። የላቦራቶሪው ወረቀት እስከ 1.3 ድረስ ጤናማ ነው ይላል። ሐኪሙ ግን ሕመሙ ሥር የሰደደና ሦስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ መሆኑን ነግረውን ኤናላፕሪል፣ ሶዲየም ባይካርቦኔትና የብረት መድኃኒት አዘዙለት።

ግራ የገባኝ፣ ቁጥሩ ከልኩ ካላለፈ እንዴት ታመመ ተባለ የሚለው ነው። ዘመዶቻችን ደግሞ ውሃ ቀንሱለት፣ ጨው አይቅመስ፣ ሥጋና እንቁላል ከልክሉት እያሉ ይመክሩናል። ልጁ አሁንም ሌሊት ሽንቱን ስለሚለቅ ማታ ማታ ውሃ መከልከል ጀምረናል። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ኩላሊት እጥበት ነው። የምታውቁ ብትመልሱልኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ የሕፃናት ሐኪም

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ከሁሉ አስቀድሞ ማታ የሚከለክሉትን ውሃ ዛሬውኑ ይመልሱለት፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭና ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወግደው ነገር ነው። የትንሽ ልጅ ጡንቻ ጥቂት ስለሆነ የሚያመነጨውም ጥቂት ነው፤ በእርሱ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ልጅ ክሬቲኒኑ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 አይበልጥም። በወረቀቱ ላይ የታተመው ልክ የአዋቂ ሰው ነው። ኩላሊት ደምን የማጣራት አቅሙን ለመገመት እኛ ለሕፃናት የምንሠራው ስሌት የልጁን ቁመት በሴንቲሜትር በ0.413 አባዝቶ ለክሬቲኒኑ ማካፈል ሲሆን፣ የልጅዎ ውጤት ወደ 36 ይመጣል። ከ30 እስከ 59 ሦስተኛ ደረጃ፣ ከ15 እስከ 29 አራተኛ፣ ከ15 በታች አምስተኛ ደረጃ ይባላል፤ ሐኪምዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። ወረቀቱን ብቻ አይተው ደህና ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ልጆችን ስለሚያዘገዩ፣ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ቫልቩ ከተወገደ ለምን ታመመ ለሚለው፣ መዘጋቱ የጀመረው በማኅፀን ሳለ ስለሆነ ኩላሊቶቹ ሲፈጠሩ ጀምሮ የኋሊት የሚገፋ ሽንት ጫና አርፎባቸዋል። ቀዶ ሕክምናው መንገዱን ይከፍታል እንጂ ሲፈጠር የተጎዳውን የኩላሊት ክፍል አይተካም። የሽንት ፊኛውም ለዓመታት ሲታገል ግድግዳው ስለሚወፍር፣ ሽንቱ የሚወርድ ቢመስልም ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ሸንቶ ከጨረሰ በኋላ ፊኛው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይጠይቁ። ይህ ችላ ከተባለ፣ መድኃኒቱን ሁሉ በሥርዓት ቢወስድም ጉዳቱ ይቀጥላል።

አሁን ስለ ውሃው። እንዲህ ያለው ኩላሊት ሽንትን ማወፈር ስለማይችል ልጁ ቀንም ሌሊትም ብዙና ቀጭን ሽንት ይሸናል፤ ብዙውን ጊዜ ጨውም አብሮ ይወጣል። ውሃ ቢከለከል ሽንቱ በሚፈለገው መጠን አይቀንስም፤ የሚደርቀው ሰውነቱ ነው፤ ድርቀቱ ደግሞ የቀረውን ኩላሊት ይጎዳል። ሌሊት መሽናቱም ሕመሙ የሚያመጣው ስለሆነ ልጁ ሊቆጡት አይገባም። ጨው ቀንሱ የሚለው ምክር ሰውነታቸው ለሚያብጥና ግፊታቸው ከፍ ላለ ልጆች ትክክል ነው፤ ለእርስዎ ልጅ ግን የደም ግፊቱና በደሙ ያለው ሶዲየም ሳይለካ መወሰን የለበትም።

ኤናላፕሪሉ የደም ግፊትን ይቆጣጠራል፤ በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲንም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ፣ በአውሮፓ 385 ልጆችን ለ5 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ሁሉም ተመሳሳይ ዓይነት መድኃኒት ሲወስዱ ግፊታቸው ይበልጥ ዝቅ ብሎ የተያዘላቸው ልጆች ኩላሊት ከሌሎቹ ዘግይቶ እንደሚዳከም አሳይቷል። መድኃኒቱ በተጀመረ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ፖታሲየምና ክሬቲኒን መለካት አለባቸው። ልጁ ካስታወከው ወይም ካስቀመጠው ደግሞ መድኃኒቱን ለጊዜው ስለማቆም ወዲያውኑ ሐኪሙን ያማክሩ።

መልስ 2፦ የታማሚ ልጅ አባት ከአዳማ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። የእኔ ልጅ ሕመም መነሻው ሌላ ነው፤ በሽንት ፕሮቲን የሚያስወጣ ኔፍሮቲክ ሲንድረም ነበረባት፤ ፕሬድኒሶሎን ለሚባለው መድኃኒት ምላሽ ስላልሰጠ ኩላሊቷ እየደከመ ሄዶ ዛሬ በእጥበት ላይ ናት። ስለዚህ የእኔን ልጅ ታሪክ በልጅሽ ላይ አታሳርፊ። ብዙ ልጆች ሦስተኛ ደረጃ ላይ ለዓመታት ይቆያሉ።

ሆኖም አስቀድሜ ባውቅ ደስ ይለኝ የነበረውን ልንገርሽ። ልጅሽ ሲያተኩሰውም ሆነ ጥርሱን ሲያመው አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም አትስጪው፤ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል፤ መድኃኒት ቤት ስትገቢ ሁልጊዜ የኩላሊት ሕመም እንዳለበት ተናገሪ። ከዕፅዋት የሚቀመም የባህል መድኃኒትም፣ ከማንም በፍቅር ቢመጣ፣ ይቅርብሽ። ደም ሲቀዱለት ከእጁ ጀርባ እንዲወስዱ ለምኚ፤ አንድ ቀን ለእጥበት የሚያስፈልገው የክንዱ ደም ሥር ነውና። ክትባቶቹን፣ በተለይ የጉበት በሽታ ቢን (ሄፓታይተስ ቢ)፣ አሁን አስጨርሺለት።

ጥያቄ (ቀጣይ)፦ እናት ከደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ውሃውን መልሰናል። የቀረኝ የምግቡ ነገር ነው፤ እንቁላልና ወተት ልስጠው ወይስ ልከልክለው?

መልስ 3፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ

እንቁላሉን ይስጡት። ሥጋና እንቁላል መከልከል ከአዋቂዎች የተወሰደ ምክር ሲሆን፣ የሚያድግ ልጅ ላይ ሲሠራበት ቁመቱንም ጡንቻውንም ይጎዳል። ፕሮቲኑ ለዕድሜው ከሚመከረው በታች እንዲወርድ አይደረግም፤ እጅግ እንዲበዛም አይፈለግም። አንድ እንቁላል፣ ወይም በሽሮና በምስር ወጥ ላይ የሚጨመር ጥቂት ሥጋ ይበቃዋል።

ወተት ፎስፈረስ አለው፤ የደከመ ኩላሊት ፎስፈረስን ማስወጣት ሲያቅተው አጥንት ይላላል። ስለዚህ የፎስፈረሱ፣ የካልሲየሙና እነዚህን የሚቆጣጠረው የፓራታይሮይድ ሆርሞን የደም ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ በመጠኑ ይጠጣ። ጠቆር ያሉ ለስላሳ መጠጦችና የታሸገ ሥጋ ግን አሁኑኑ ይቅሩ፤ የተጨመረባቸው ፎስፈረስ ከተፈጥሮው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ወደፊት በምግብ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አስሮ የሚያስቀር ካልሲየም ካርቦኔት የሚባል መድኃኒት ከታዘዘለት፣ ከምግብ ጋር አብሮ ካልተወሰደ ፎስፈረሱን አያስርም።

ሙዝ፣ ድንችና ብርቱካን ፖታሲየማቸው ብዙ ስለሆነ በጅምላ ይከለከላሉ፤ እኔ ግን በደሙ ፖታሲየም ካልጨመረ ከልጅ ፍራፍሬ መንጠቅን አልደግፍም። ከጨመረ፣ ድንቹን ልጦና ከትፎ በብዙ ውሃ መቀቀልና ውሃውን መድፋት ይረዳል። የደም አሲድነትን የሚቀንሰውን ባይካርቦኔት አያቋርጡ፤ አሲድነቱ ብቻውን ዕድገትን ይገታል። በየቀጠሮው ቁመቱና ክብደቱ በዕድገት ሰንጠረዥ ላይ እንዲመዘገብ ያድርጉ። ምግቡ፣ አሲዱና የደም ማነሱ ተስተካክለው ቁመቱ አሁንም ካልጨመረ የዕድገት ሆርሞን የሚባል ሕክምና አለ፤ ውድ ነው፤ ቢሆንም ሐኪምዎን ይጠይቁ።

መልስ 4፦ የሕፃናት ሐኪም

በዚህ እስማማለሁ። ስለ እጥበቱ አንድ ነገር ልጨምር። በየ3 ወሩ የሚሠራው ምርመራ ኩላሊቱ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያሳያል፤ ወደ አራተኛ ደረጃ ከወረደ ያን ጊዜ ስለ ንቅለ ተከላ መነጋገር ይጀመራል እንጂ እጥበት እስኪጀመር አይጠበቅም። በአገራችን ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ ኩላሊት የሚሰጠውም በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ለልጅዎ ግን ከሁሉ በፊት ፊኛው መታከም አለበት፤ ያልታከመ ፊኛ አዲሱንም ኩላሊት ያበላሻል። አልትራሳውንዱ ብዙ ሽንት እንደቀረ ካሳየ፣ በቀን የተወሰነ ጊዜ በንጹሕ ቱቦ ማስወጣትን ነርሶች ያስተምሩዎታል፤ እናቶች በቤታቸው በሚገባ ይሠሩታል።