ሰዓቴ «ቀስ በይ» ይላል፣ ዘፈኑ «ፍጠኚ» ይላል፤ የቱን ልስማ?

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ብዬ ሶምሶማ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ፣ ኢርፎኔን ሰክቼ ጉራጊኛ እከፍታለሁ፣ ከዚያ በኋላ እግሬ የኔ አይደለም። የመጀመሪያዋን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ እጨርሳታለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ግን ትንፋሼ ተቆርጦ መንገድ ዳር ቁጭ! በቅርቡ ደግሞ ስማርት ሰዓት ገዛሁ፤ እሱ ገና ከሰፈር ሳልወጣ የልብ ምትሽ 178 ደርሷል እያለ ይንቀጠቀጣል። እኔ እኮ ያኔ ምንም አልደከመኝም። 34 ዓመቴ ነው። ያለ ሙዚቃ ሞክሬው ነበር፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስለ ቁርስ ማሰብ ጀመርኩና ተመለስኩ። ሰዓቱን ልተው ወይስ ዘፈኑን?

የጃንሜዳ ልጅ
መጀመሪያ ሰዓቱን እንፈትሸው። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ መብራት ከቆዳሽ ሥር የሚያልፈውን ደም እያየ ነው ምቱን የሚቆጥረው። ስለዚህ ላላ ካለ ወይም በጠዋቱ ብርድ እጅሽ ከቀዘቀዘ ይቃዣል። አንዳንዴ ጭራሽ ልብሽን ትቶ እርምጃሽን ይቆጥራል። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትረግጪ እዚያው ላይ እዪ፤ እሱም 178 አካባቢ ከሆነ ሌባው ተያዘ። ከአንጓሽ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገሽ ጠበቅ አድርጊው፣ ከመውጣትሽ በፊትም ቤት ውስጥ ትንሽ ተሟሟቂ። ደረት ላይ የሚታሰረው የልብ ምት መለኪያ ይሻላል፣ ግን ተጨማሪ ወጪ ነው።

ብዙዎቹ ሰዓቶች ደግሞ ከፍተኛ ምትሽን ከ220 ላይ ዕድሜሽን ቀንሰው ነው የሚገምቱት፣ ላንቺ 186 ይላሉ። ግምት ነው፣ ከሰው ሰው ይለያያል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ መሆኗንም አትርሺ፤ ቆላ የሚሮጥ ሰው ቁጥር ካንቺ ጋር አይገጥምም። እኔ የማምነው ወሬን ነው። እየሮጥሽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። አሁን እዚህ አሜሪካ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ስሮጥ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ትዝታ ነው የምሰማው፣ አትሳቁ፣ በትዝታ ማንም አይፈጥንም። ሰዓቱን ደግሞ ከወሰንኩት ፍጥነት ሳልፍ ብቻ እንዲንቀጠቀጥ አድርጌዋለሁ፣ የልብ ምቱን ማስጠንቀቂያ አጥፍቼዋለሁ። ጉራጊኛው የሚመጣው እግሬ ሲከብድና ቤቴ ሲናፍቀኝ ነው። ሙዚቃ ደካማ ሰው ብቻ የሚፈልገው እንዳይመስልሽ፣ ኃይሌ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1998 በርሚንግሃም ላይ የ2,000 ሜትር የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን ሲሰብር የሚወደውን ዘፈን አስከፍቶ ነው የሮጠው። እርግጥ እሱ ኃይሌ ነው።

ጋሽ ሶምሶማ
ልጄ፣ ሁሉም ስለ ልብ ምት ያወራል፣ እኔን ያስጨነቀኝ ጆሮሽ ነው። በዚያ ጨለማ ሁለቱንም ጆሮ ደፍኖ መሮጥ? ሚኒባሱ አለ፣ የሰፈር ውሻ አለ። ወይ በአንድ ጆሮሽ ብቻ ስሚ፣ ወይ ከጆሮ ፊት አጥንት ላይ የሚቀመጠውን ዓይነት ግዢ፣ ጆሮሽን ክፍት ይተወዋል። ለውድድሩ ቀን ደግሞ ኢርፎኑን ቤት ተይው። መንገዱ ዳር ባንድ አለ፣ ሕዝቡ ራሱ እየዘፈነ ነው የሚሮጠው። መስቀል አደባባይ ስትነሺም በሰው ብዛት ልፍጠን ብትይ አትችዪም፣ ያ በራሱ ልጓም ነው።

ጀማሪዋ
ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት አየሁት፣ እርምጃዬ 176፣ «የልብ ምቴ» 177! ሌባው ተይዟል። አጥብቄ ሳስረው 158 አለኝ። ጉራጊኛውን ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ከፍቼ አምስቱን ሳልቀመጥ ጨረስኩ፣ እልል በሉልኝ። ትዝታው ግን አልሆነልኝም፣ ልቤ ሌላ ቦታ ሄደ።

ጋሼ፣ የውሻው ነገር እውነትዎን ነው። ገርጂ ላይ አንድ ቡናማ አለ፣ በአንድ ጆሮ እየሰማሁ ስለነበር ሲመጣ ሰማሁት። ሰዓቴ ያንን መንገድ «እስካሁን የሮጥሽው ፈጣኑ» ብሎ መዝግቦልኛል።