የወንድሜ ትኩሳት በመድኃኒትም አልወርድ አለ፤ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ወንድሜ ካመመው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሰፈራችን ካለ ክሊኒክ ወስደነው በደም ምርመራ ታይፎይድ ነው ተባለና ሲፕሮ ታዘዘለት። ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ቢወስድም ለውጥ የለውም፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበንለት ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ሰውነቱ እንደ እሳት ይግላል፣ ከዚያም በላብ ይጠመቃል። ከዛሬ ረፋድ ጀምሮ የቀመሰውን ሁሉ ያስመልሰዋል። ክኒኑ በመርፌ ይቀየርለት ወይስ እስኪጨርስ እንታገሥ?

የመንዝ ሰው፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ እህቴ። ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ስጡት፤ ፌጦም በሎሚ በጥብጣችሁ አጠጡት።

የጤና ባለሙያ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ስለ መርፌው ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ይንገሩን። የወንድምዎ ሥራ ምንድን ነው? ባለፈው አንድ ወር ውስጥስ የት የት አድረዋል?

ጠያቂ፦
በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከተመለሰ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው። በመጨረሻው ጉዞ አፋር ውስጥ ሎጊያ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ከረዳቱ ጋር አራት ሌሊት ከተሳቢው ሥር አድሯል። ክሊኒኩ ይህን አልጠየቀንም፤ እኛም ከታይፎይድ ጋር የሚገናኝ ስላልመሰለን አላነሣነውም።

የጤና ባለሙያ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ወባ ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ማታውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

የጠባሴ ነዋሪ፦
ደብረ ብርሃን ላይ ወባ የለም። ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ በዚህ ብርድ በወባ የታመመ ጎረቤት አላየሁም። በምርመራ ታይፎይድ የተባለውን ወባ ነው ማለት ቤተሰቡን ማስደንገጥ ነው።

የጤና ባለሙያ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ ስለ ከተማው ያሉት እውነት ነው፤ በሽተኛው ግን በከተማው ብቻ አልኖሩም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ወባ ያለበት ቆላ ውስጥ ይገባል፤ ሎጊያ ደግሞ ከዚያም የባሰ ቆላ ነው። ፋልሲፋረም የሚባለው የወባ ዓይነት ትንኟ ከነከሰች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስለሚነሣ፣ ቀኑም ይገጥማል። ታይፎይድ የተባለው ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ከሆነ፣ ያ ምርመራ በቆየ ወይም በሌላ ሕመም ምክንያትም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል ብቻውን አይታመንም።

እህቴ፣ ሁሉን ለሚያስመልስ ሰው የአፍ መድኃኒት ስለማይረጋለት በደም ሥር የሚሰጥ አርቴሱኔት የተባለ የወባ መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል። ሆስፒታል ስትደርሱ የመጀመሪያ ቃልዎ «ከሎጊያ ነው የመጣው» የሚል ይሁን። ፈጣኑ የወባ ምርመራ ነጋቲቭ ቢሆን እንኳ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ፤ በአገራችን ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጩ የወባ ተሕዋስያን ተገኝተዋል። በአፋር ዴንጊ የሚባለው፣ ደም ሊያስፈስስ የሚችል የትንኝ ትኩሳትም ስለሚከሠት፣ እስኪጣራ ድረስ መድማትን የሚያባብሰው የማስታገሻ መርፌ ዳይክሎፌናክ እንዳይወጋ፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል።

የመንዝ ሰው፦
ፌጦውንም አትርሱት፤ እናቴ ለብርድና ለትኩሳት ሁልጊዜ የምትሰጠን እሱን ነበር።

አንድ መምህር፦
የሹፌሮችን ጤና በወባ ብቻ መመልከት ስሕተት ነው። በየመንገዱ በሚያገኙት ውኃ ኮሌራና ተቅማጥ፣ በተፋፈገ ማደሪያ ቲቢ፣ ከቤት ርቆ በመቆየት ኤችአይቪ ያገኛቸዋል። የጭነት መኪና የሚያሰማራ ድርጅት ሁሉ ሠራተኞቹን በየጊዜው ሊያስመረምርና ስለ ንጽሕና ሊያስተምር ይገባል።

የቀድሞ ሹፌር፣ ከደብረ ሲና፦
መምህር፣ ምክርዎ መልካም ነው፤ ለዛሬ ግን ቤት ውስጥ የተኛ ሰው አለ። እህቴ፣ ባለሙያው ያሉሽን አድርጊ። እኔ በዚያ መስመር ስሠራ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ይዞኝ የዐሥራ አራት ቀን ፕሪማኩዊን ታዞልኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ብርዱ ሲተወኝ መድኃኒቱን ተውሁት። ለካ ተሕዋሱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ኖሯል፤ ከአምስት ወር በኋላ፣ ቆላ ሳልወርድ፣ ጣርማ በር ዋሻ አጠገብ ብርዱ ድንገት ያዘኝና መሪ መጨበጥ አቃተኝ። ረዳቴ ፈጥኖ እጁን ባያስገባ ኖሮ ከነመኪናዬ ገደል ገብቼ ነበር። ወንድምሽም ቫይቫክስ ነው ከተባለ ክኒኑን ጨርሶ እንዲውጥ ቁመሽ ጠብቂው፤ ሲድን ደግሞ ሹፌር አጎበር በጋቢናው ይዞ መጓዝ እንዳለበት ንገሪው።

ጠያቂ፦
ጎረቤታችን መኪና አምጥቶልናል፤ አሁን እየወጣን ነው። ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ቅድም አላስተዋልነውም።

የጤና ባለሙያ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
እሱንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ሲደርሱ ያሳውቁን።

የጠባሴ ነዋሪ፣ በማግስቱ፦
ትናንት የጻፍሁት በሰፈሬ ያየሁትን ብቻ ይዤ ነበር። ምን ተባለ፣ እህቴ?

የቀድሞ ሹፌር፣ ከደብረ ሲና፣ ከሦስት ቀን በኋላ፦
ከረዳቱ ጋር አድሯል ብለሽ ነበር። ያ ልጅ አሁን የት ነው ያለው? እሱንስ ያስመረመረው አለ?