ክላፕና ሜሞሪ ተሰጥቶኛል፤ ምን ልዘጋጅ?

ጀማሪው፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚቀረጽ ተከታታይ ድራማ ላይ በረዳትነት ልጀምር ነው። ሥራህ ክላፕ (ቁጥር የሚጻፍበትን፣ ጧ የሚለውን ሰሌዳ) መምታትና የካሜራውን ሜሞሪ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው ተብያለሁ። ከመግባቴ በፊት ምን ልወቅ?

ከካሜራ ኋላ፦ የሲን፣ የሾትና የቴክ (ሾቱ ስንተኛ ጊዜ እንደሚቀረጽ) ቁጥሮችን ተዋናዮቹ ገና ልምምድ ላይ እያሉ ክላፑ ላይ ጽፈህ ጨርስ፤ "ካሜራ!" ከተባለ በኋላ ማርከር የሚፈልግ ረዳት ሁሉንም ያስቆማል። ድምፅም ካሜራም መነሳታቸውን ሳትሰማ አትምታ። ቁጥሩን ጮክ ብለህ አንብብ፣ አንዴ ምታ፣ ውጣ። ክላፑ ሲጋጠም ፍሬም ውስጥ ካልታየ ዋጋ የለውም፤ ኤዲተሩ ምስልና ድምፁን የሚያገጣጥመው በዚያች ቅጽበት ነው። ካበላሸኸው "ሁለተኛ ክላፕ" ብለህ ድገም። መጀመሪያ ላይ ካመለጠ፣ ሾቱ ሲያልቅ ዘቅዝቀህ ትመታለህ። ክሎዝ አፕ ላይ ግን ተዋናዩ አፍንጫ ሥር አታጩኸው፣ ለስለስ አድርገህ።

ዳታ ጠባቂ፦ ክላፕ ቢበላሽ ኤዲተሩ ይለፋል፤ ሜሞሪ ቢጠፋ ቀረጻው ይደገማል። ጭንቀትህ እዚህ ይሁን። ከካሜራ የወጣ ሜሞሪ ላይ ወዲያው ቀይ ፕላስተር ለጥፍ፤ ኤስዲ ከሆነ መቆለፊያዋንም ዝጋ። ፋይሉ ከሜሞሪው ተቆርጦ (ከት) አይወሰድም፣ ኮፒ ብቻ። ቪዲዮዎቹን እየመረጥክ ሳይሆን ፎልደሩን እንዳለ፣ ለሁለት የተለያዩ ዲስኮች። ከዚያ የፋይሉን ብዛትና መጠን አመሳክር፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክሊፕ ከፍተህ እይ፤ ቼክሰም የሚሠራ (ኮፒው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን ራሱ የሚያመሳክር) ሶፍትዌር ካለ ይበልጣል። 128 ጊጋ፣ በሰከንድ 90 ሜጋ ቢገለበጥ 24 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዩኤስቢ 2 ሪደር ግን አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚሄድ ካሜራው ባዶ ሜሞሪ ሲጠብቅ ይቆማል። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ አትገልብጥ፣ መብራት መሀል ላይ ከሄደ ፋይሉ ይቆረጣል። ፎርማት ሁለቱ ኮፒዎች ከተረጋገጡ በኋላ፣ እሱም ካሜራው ላይ። ማታ ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቦርሳ አይሂዱ።

ጀማሪው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ፎልደሩን በየትኛው አቆጣጠር ልሰይመው?

ዳታ ጠባቂ፦ ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጆቹ ነውና እሱኑ ተከተል፤ ቀን፣ ካሜራ፣ የሜሞሪ ቁጥር። ካደባለቅከው ኤዲተሩ ሲያመሳክር ይጠፋበታል።

ድምፅ ይቅደም፦ ቤት ውስጥ ስትቀርጹ ጩኸቱ እንዳይቀዳ ፍሪጅ ማጥፋቱም አንተ ላይ መውደቁ አይቀርም። የመኪናውን ቁልፍ ከሹፌሩ ተቀብለህ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጥ፤ መልሳችሁ ሳታበሩት አትሄዱም። የክፍሉ ባዶ ድምፅ (ማንም ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ ያለው) ለ30 ሰከንድ ሲቀዳ ደግሞ ገመድ መጠቅለል እንዳትጀምር። ክፍያው በቀን ይሁን በክፍል፣ ትራንስፖርትስ ይኖረው እንደሆነ ከመጀመርህ በፊት ፕሮዳክሽን ማናጀሩን ጠይቀው።