ራታቱይ ላይ ያለው ምግብ ለምን ያስርባል?

ሰላም ጎንደሬዎች። ትናንት ማታ ከታናሽ እህቴ ጋር ራታቱይን አየነው፣ በፈረንጆቹ 2007 የወጣውን የፒክሳር አኒሜሽን፤ አንድ አይጥ ምግብ ቤት ውስጥ ከሚሠራ ልጅ ጋር ሆኖ የሚያበስልበትን። እናቴ መሃል ላይ ገብታ «አይጥ ድስት ላይ? በስመአብ!» ብላ አማትባ ወጣች። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እራት በልቼ ጠግቤ ነበር፣ ሾርባው ሲንተከተክ ሳይ ራበኝ። በኮምፒውተር የተሠራ ነገር እንዴት እንዲህ ያስጎመጃል?

የማራኪው፦
3ዲ፣ ማለት በኮምፒውተር ባለ ሦስት ገጽታ ምስል መሥራት፣ እሞካክራለሁ። ዋናው ብርሃኑ ነው። ቲማቲም ቆርጠህ ፀሐይ ላይ ያዘው፣ ብርሃኑ ላዩ ላይ አይቀርም፣ ውስጥ ገብቶ ተበትኖ ነው የሚወጣው። ይህ ካልተሠራ ፕላስቲክ ይመስላል። እኔ አንዴ እንጀራ ልሠራ ሞክሬ የመኪና ምንጣፍ ወጣልኝ ሃሃ። የፒክሳር ሰዎች ደግሞ የዋዛ አይደሉም። ምግብ ማብሰል ተምረዋል፣ ቢሮ ውስጥ አይጥ አሳድገው እንቅስቃሴውን አጥንተዋል፣ ለቆሻሻው ክምር ብለው እውነተኛ አትክልትና ፍራፍሬ አበስብሰው ፎቶ አንስተዋል። ልጁ ወንዝ ገብቶ ሲወጣ ልብሱ የት የት እንደሚጣበቅ ለማየትም የሼፍ ልብስ የለበሰ ሰው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነክረዋል።

ሽንኩርት ላጭ፦
ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ወጥ ቤት ነው የምሠራው። እኔን የያዘኝ ብርሃኑ ሳይሆን እጃቸው ነው። የፊልሙ ሼፍ ኮሌት ልጁን ስታስተምረው ክንድህን ወደ ሰውነትህ ሰብስብ ትለዋለች፣ ሽርጥህ ይቆሽሽ፣ እጅጌህ ግን ንጹሕ ይሁን። ይህን የሚያውቀው በጋለ ድስት መሃል የተሽሎከሎከ ሰው ብቻ ነው። እኔ ስጀምር ማንም አልነገረኝም፣ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ይመስክር። ዳቦውን ጫን አድርጋ የምታዳምጥበትስ? ጥሩ ዳቦ በመዓዛው ሳይሆን ቅርፊቱ ሲንኮሻኮሽ ነው የሚታወቀው ትላለች። ቁሌትም እኮ እንደዚያው ነው፣ ሽንኩርቱ ውሃውን ሲጨርስ ድምፁ ይለወጣል። አያቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቡና እየቆላች «ሊያርርብሽ ነው፣ አማስዪው» ትለኝ ነበር። ምኑን አይታ?

ዝም ያለው፦
አይጡ የልጁን ፀጉር እየጎተተ የሚያበስልበት ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም፣ ይቅርታ። የመጨረሻዋ ሳህን ግን ትለያለች። ቶማስ ኬለር የሚባል አሜሪካዊ ሼፍ ነው ያማከራቸው። ዝኩኒ፣ ደበርጃን፣ ቲማቲም፣ በስሱ ተቆርጦ ተደርድሮ፣ በቃ። ቅዳሜ ገበያ የሞላ ነገር! ያ ኮስታራ የምግብ ሃያሲ አንዴ ሲጎርስ ግን እናቱ ቤት ይመለሳል፣ እስክሪብቶው ከእጁ ይወድቃል። አንድም ቃል አልተናገረም እኮ።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። የዳቦዋን ቦታ ብቻ መልሼ ለእናቴ አሳየኋት። «ልጅቷስ ባለሙያ ናት፣ አይጡን ግን አስወጡልኝ» አለች።